ያገለገለ የባነር ማሽን ወደ ጅማ፦ ቀለም ሞልቶ አይጫንም፣ በጎኑም አይቆምም

ጥያቄው ከጅማ የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጅማ ላይ ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከፍቻለሁ። እስካሁን ባነርና ስቲከር አዲስ አበባ እየላክሁ ነው የማሳትመው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሚማኪ ጄቪ33፣ ባለ 1.6 ሜትር፣ የኢኮ ሶልቨንት ማሽን አግኝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ሻጩ ‹ቀለሙን እንዳታወጣው፣ ሄዱ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ይደርቃል፣ እንዳለ ጫነው› ይለኛል። የማውቀው ሹፌር ደግሞ ሌላ ዕቃ ጭኖ ስለሚመጣ ‹በጎኑ ካቆምነው ቦታ አይፈጅም› አለኝ። ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንደደረሰ አብርቼ ከሞከርኩ በኋላ ቀሪውን ብር ልልክለት ተስማምተናል። ምን ልጠንቀቅ?»

ካቀድከው ውስጥ ሦስቱ ነገር መቀየር አለበት። ቀለም ሞልቶ መጫኑ፣ በጎኑ መቆሙ፣ እንደደረሰ መብራቱ። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ማሽኑን ሊገድለው ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ከሆኑ ግን ጅማ የሚደርስልህ ማሽን ሳይሆን መለዋወጫ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያልከውም ራሱን የቻለ ችግር አለው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሰው ማሽን ሲያጓጉዝ የሚፈራው ጉድጓዱን ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው። ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ የመጣ ማሽን ስከፍት ብዙ ጊዜ የማገኘው የተሰበረ ብረት አይደለም፤ የፈሰሰ ቀለም ነው። ቀለሙ ከሄዱ ሾልኮ ሄዱን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ፍላት ኬብሉ፣ መሰኪያ ውስጥ ይገባል። ወይም ከጠርሙሱ ተደፍቶ ወደ ቦርዱ፣ ማለት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ገና አልሞተም። የሚሞተው ባለቤቱ ቸኩሎ ሲያበራው ነው። ያኔ እርጥቡ መሰኪያ ኤሌክትሪክ ያገናኝና ሄዱም፣ ሄዱን የሚነዳው የሜይን ቦርዱ ክፍልም አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ የሚጀምረው መኪናው ላይ አይደለም። ከመጫኑ በፊት ባለው ቀን ነው።

ሻጩ ያለህ ግማሹ እውነት ነው። ኢኮ ሶልቨንት ቀለም፣ ማለት በውሃ ሳይሆን በኬሚካል ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለም፣ ሄድ ላይ ከደረቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው። የአንተ ማሽን ሄድ ዲኤክስ5 የሚባለው ነው። 8 ረድፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ 180 ቀዳዳ፣ በድምሩ 1,440። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፀጉር ይቀጥናል። ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ ሲያድር ማሽኑ በየተወሰነ ሰዓት ራሱን ያጥባል፣ ሄዱንም እርጥብ አድርጎ ይይዛል። ከግድግዳው በተነቀለበት ደቂቃ ግን ይህ እንክብካቤ ይቆማል። ሻጩ የፈራው ይህን ነው። መልሱ ግን ቀለሙን እዚያው መተው አይደለም። ቀለሙን አውጥቶ በማጠቢያ ፈሳሽ መተካት ነው። በማጠቢያ የራሰ ሄድ ለሁለት ሦስት ቀን አያሳስብም። ቀለም ይዞ የሚንገጫገጭ ሄድ ግን በግማሽ ቀን ይበላሻል።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ቀለሙ ካርትሪጅ ከሚባለው መያዣው ተነስቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ይሄዳል፣ ዳምፐር የሚባለው ትንሽ ከረጢት ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሄዱ ይገባል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቀለሙ በቀዳዳው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አይንጠባጠብም። የሚይዘው በጣም ስስ የሆነ ሚዛን ነው። መንገጫገጭ ያንን ሚዛን ይሰብረዋል። አየር ይገባል፣ ቀለም ይወጣል። የወጣው ቀለም ሄዱ ሲያርፍ ከሥሩ የሚገጥመው ክዳን፣ ካፕ የሚባለው፣ ላይ ይጠራቀማል። ስምንቱም ረድፍ የተቀመጠው አንድ ካፕ ላይ ስለሆነ ጥቁሩ ወደ ቢጫው፣ ሰማያዊው ወደ ቀዩ መሳብ ይጀምራል። በጎኑ ካቆምከው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሚዛን የሚባል የለም፤ ቀለሙ ቁልቁል ይፈሳል።

እዚህ ላይ አገራችን የራሷን ጣጣ ትጨምራለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። የጅማ መንገድ ወልቂጤን አልፎ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይወጣና ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ጊቤ ድልድይ ባለው ቁልቁለት የአየሩ ግፊት 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቱቦና ዳምፐር ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ በሄዱ ቀዳዳ በኩል ከውጭ አየር ይሳባል። ከጊቤ ወደ ሰኮሩ ዳገቱን ስትወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። የተጨመቀው አየር ይሰፋና ፊቱ ያገኘውን ቀለም ገፍቶ ያወጣል። ማሽኑ ሳይነካ፣ ሳይጋጭ፣ መኪናው ላይ በሰላም እንደተቀመጠ ቀለም ሊያፈስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦው ባዶ ከሆነ ግን አየሩ ቢሰፋም ቢጠብም የሚገፋው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማሽኑ ከመፈታቱ በፊት ሻጩ ቤት ሄደህ አሠራው። የትኛው ቀዳዳ እንደሚረጭ በመስመሮች የሚያሳየውን አንድ የቀዳዳ መፈተሻ ህትመት አውጥተህ ብቻ እንዳትሸወድ። ሻጩ አንተ ከመድረስህ በፊት ደጋግሞ አጥቦት ሊሆን ይችላል፤ ለአምስት ደቂቃ ጥሩ ይመስላል። መጀመሪያ መፈተሻውን አትም። ቀጥለህ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ሙሉ በሙሉ የተሞላ አድርገህ ጥቂት ሜትር አሳትም፤ መሃል ላይ ሄድ ማጠብ የለም። ከዚያ መፈተሻውን እንደገና አትም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ከተመሳሰሉ ሄዱ ይሠራል። በሁለተኛው ላይ መስመሮች ከጠፉ ሄዱ ወይም ዳምፐሩ ደክሟል፤ ዋጋውን እንደገና ተነጋገር። ሁለቱንም ወረቀት ቀን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በኋላ ክርክር ቢነሳ ያለህ ማስረጃ እሱ ነው።

ይህ ካለቀ በኋላ ቀለሙ ይወጣል። ማሽኑ ቀለም አስወጥቶ የሚያጥብበት የራሱ ትዕዛዝ አለው። ግን የቴክኒሻን ሥራ ስለሆነ ስልክ ላይ እየተመራህ አትሞክረው። ካርትሪጆቹ ይወጣሉ፣ በቦታቸው ማጠቢያ የያዘ ካርትሪጅ ይገባል፣ ከቱቦው የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ ይታጠባል፣ በመጨረሻ ማጠቢያውም ይወጣና ቱቦው ባዶ ይቀራል። ካፑ ላይ ጥቂት ማጠቢያ ተጨምሮ ሄዱ እርጥብ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ማጠቢያው ለኢኮ ሶልቨንት የተሠራ መሆን አለበት። ቲነር አይሆንም። ብዙ ሰው ርካሽ ስለሆነ ቲነር ይጠቀማል፤ ቲነር ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሄዱ የተጣበቀበትን ሙጫም ይበላል። ውሃም አይሆንም፤ ከቀለሙ ጋር ተገናኝቶ ይረጋል። የቆሻሻ ቀለም ጠርሙሱን አውጥታችሁ ባዶ አድርጉ፤ አፉንም ድፈኑ። የወጣውን ቆሻሻ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር የሚደፋ ቴክኒሻን ካጋጠመህ አስቁመው፤ በጀሪካን ይጠራቀም።

ሻጩ ካርትሪጁን አውጥቶ በጠርሙስ የሚሞላ ሲስተም ገጥሞለት ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቅ። እነዚያ ጠርሙሶች ብዙ ጊዜ ከሄዱ ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት። ክዳናቸው አየር እንዲያስገባ ተበስቷል። መኪና ላይ እንደተገጠሙ ከተጓዙ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ሙሉ ማሽን ያጥለቀልቃል። ጠርሙሱ ተነቅሎ፣ የቱቦው ጫፍ ታስሮ፣ ለብቻው ይሂድ።

አንድ ነገር አስቀድመህ እወቅ። ማጠብ ለአሮጌ ሄድ አደጋ አለው። ለዓመታት ቱቦው ግድግዳ ላይ የተጋገረው ቀለም ማጠቢያው ሲነካው ይላቀቅና ዳምፐሩ ጋ ሄዶ ይጠራቀማል። በሻጩ ቤት በትክክል ያተመ ማሽን ጅማ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ሊጎድለው ይችላል። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳምፐር ነው። ስለዚህ አዲስ ዳምፐር ሙሉውን፣ አንድ ካፕ እና አንድ የሄድ መጥረጊያ ላስቲክ ገዝተህ ይዘህ ሂድ። ዋጋቸው ከሄድ ጋር አይወዳደርም፤ ጅማ ላይ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ወጥተህ ወዲያው የምታገኛቸው ዕቃዎች አይደሉም። ሄዱ ራሱ ያረጀ ከሆነ ግን ማንኛውም ጥሩ ጭነት አያድነውም። የሄድ መቀየሪያ ገንዘብ ጨርሶ ከሌለህ ያገለገለ ማሽን አትግዛ።

ቀለሙ ከወጣ በኋላ የሚታሰረው ሄዱን የሚሸከመው ክፍል ነው። ማሽኑ አዲስ ሲመጣ ይህን ክፍል የሚያስር ብረትና ብሎን አብሮት ይመጣል። ሻጩን ጠይቀው፤ አብዛኛው ሰው ጥሎታል። ከሌለ ክፍሉን ማረፊያው ላይ፣ ማለት ካፑ ላይ አስቀምጣችሁ በግራ በኩል ጠንካራ ስፖንጅ ወትፉበት፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከማሽኑ አካል ጋር እሰሩት። ክፍሉን ከሚጎትተው ቀበቶ ጋር እንዳታስሩት። ከኋላው በአግድም የተወጠረችውን ቀጭን፣ ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክም እንዳትነኩ። ኢንኮደር የምትባለው እሷ ናት። ማሽኑ ሄዱ የት እንዳለ የሚያውቀው በእሷ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች እያነበበ ነው። ጭረት ወይም የጣት ቅባት ካረፈባት ህትመቱ ይዘላል፤ ከተበጠሰች ደግሞ ሄዱ ሙሉ ፍጥነት ይዞ ጫፍ ላይ ይጋጫል። ክፍሉ ሳይታሰር የሄደ ማሽን በየብሬኩ ከጫፍ ጫፍ ሲወረወር ይውላል። ከዚህ የሚተርፍ ሄድ ጥቂት ነው።

ወረቀት የሚይዙት ጎማ ሮለሮች ተነስተው ይቀመጡ። ከፍ ካላሉ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ተጭነው ይጎደጉዳሉ። ክዳኖቹን በፕላስተር እሰሯቸው፤ ግን ሲነሳ ቀለም የማይልጥ ፕላስተር ይሁን።

እግሩ መፈታት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። «ጎማ አለው፣ እየገፋን እንጫነው» ይላል። እነዚያ ትናንሽ ጎማዎች የተሠሩት ለስላሳ ወለል ላይ ማሽኑን ጥቂት ለማንቀሳቀስ ነው። የኮብልስቶን መንገድ አይችሉም፣ መኪና ላይ መንገጫገጥም አይችሉም። ማሽኑ እግሩ ላይ እንዳለ ከተጫነ ክብደቱ ሁሉ ከላይ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ እግሩ መጋጠሚያው ጋ ይጣመማል። የእግሩ ብሎኖች በካቻቢቴና በመፍቻ የሚፈቱ ናቸው። እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በየላስቲኩ አስገቡ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የኬብሎቹን አቀማመጥ። የጥቅል መያዣው፣ መጠቅለያ ሞተሩና ማድረቂያ ፋኑ ካለ ተነጥለው ይሂዱ።

ሲነሳ የሚያዘው ከሥሩ፣ በዋናው ብረት ነው። ከፊት ያለው የሚሞቀው ቆርቆሮ፣ ክዳኑ፣ የጎን ፕላስቲኩ መያዣ አይደሉም። ማሽኑ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። አራት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፤ አምስተኛው የሚያዝ ይሁን። ከሁሉም በላይ አንድ ጫፍ ቀድሞ እንዳይነሳ። ረጅም ማሽን በአንድ ማዕዘን ከተነሳ አካሉ ይጠማዘዛል። በዓይን አይታይም። የምታየው በኋላ፣ ባነሩ ላይ መስመር መስመር እየሆነ ሲወጣ ወይም ሄዱ በአንድ ጎን ወረቀቱን ሲፍቅ ነው። ያንን የሚያቃና መካኒክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለጫኝና አውራጆች ማሽኑ ምን እንደሆነ አስቀድመህ ንገራቸው። ክፍያቸውን ከመጀመራቸው በፊት ተስማማ። መኪናው ጋ ደርሰው ዋጋ ላይ ክርክር ሲነሳ፣ ተናደው ሲያነሱት ምን እንደሚሆን አስበው። የሚያዘውን ቦታ ራስህ በፕላስተር ምልክት አድርግበት።

የመጀመሪያው ሣጥን ስለማይኖር አናጢ ፈልግ። ከሞራሌ የተሠራ ጠንካራ መቀመጫ ያስፈልግሃል፤ ከማሽኑ በሁሉም ጎን በአንድ ጭብጥ የሚበልጥ። መቀመጫው ላይ ወፍራም የፍራሽ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ ማሽኑ፣ ዙሪያውን ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ግድግዳ። ስፖንጁ ሲረገጥ ጨርሶ የሚሟሽሽ ለስላሳ ከሆነ አይጠቅምም፤ ጠንከር ያለውን ምረጥ። ማሽኑ በመጀመሪያ በፕላስቲክ ይጠቀለል፣ ከላይ ሸራ ይልበስ። ክረምት ከሆነ ሸራው ሁለት ይሁን። አንድ የሸራ ቀዳዳ ሙሉ ቀን ዝናብ ያስገባል።

ሹፌሩን በተመለከተ፣ ጓደኛህ ነው ብለህ እሺ አትበለው። በጎን ማቆም ቀለም ባይኖረውም አይፈቀድም። በጎኑ ሲቆም የማሽኑ ክብደት የሚያርፈው ቦርዶቹና ሞተሩ ባሉበት የጎን ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። በጀርባውም አይተኛም። እንደሚሠራ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ከሌላ ዕቃ ጋር መጫኑ ራሱ ችግር የለውም፤ ግን ምንም ነገር በላዩ አይደረብም፣ ሊንሸራተት የሚችል ከባድ ነገርም አጠገቡ አይቀመጥ። የባነር ጥቅል አብረህ ከገዛህ ከማሽኑ ራቅ አድርገህ እሰረው። አንድ ጥቅል ባነር በድንገተኛ ብሬክ ማሽን ይሰብራል።

የአይሱዙ ጭነት ሣጥን ይበቃዋል። ከመቅጠርህ በፊት ለካው እንጂ። ማሽኑ በመኪናው ርዝመት ይቀመጥ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ። የመኪናው ጅራት ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው ክፍል በየጉብታው በጣም ይዘላል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ይረጋጋል። ማሰሪያው መቀመጫውን ከመኪናው ጋር ይሰር እንጂ ማሽኑን አይጭመቅ። ሰፊ የጭነት ቀበቶ ከገመድ ይሻላል፤ ገመድ ይላላል።

ጠዋት ገና ሳይሞቅ ውጡ፤ ጅማ በቀን ብርሃን ድረሱ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ወሊሶ ላይ ቁሙና ማሰሪያውን ጎትታችሁ አረጋግጡ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ሁሉም ማሰሪያ ይላላል። ወልቂጤ ላይ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ያለው የጊቤ ቁልቁለት ነው፣ ብሬክ የሚበዛበትና መታጠፊያ የሚደጋገምበት። አንተ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥ። በከተማ ውስጥ ያሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ እንዲዘገይ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል።

ቀለሙና ማጠቢያው ከማሽኑ ተለይተው ይሂዱ። ሶልቨንት ተቀጣጣይ ነው። ኢኮ የሚለው ስም አያታልልህ፤ እንደ ተራው ሶልቨንት በቀላሉ ባይነሳም ይነዳል። ክዳናቸው ጠብቆ፣ ቀጥ ብለው፣ ጥላ ባለበት ይቀመጡ። ጋቢና ውስጥ፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ፣ በጭራሽ።

ወረቀት አትርሳ። የሽያጭ ውሉን፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ፣ ማሽኑ ወደ አገር የገባበትን የዲክላራሲዮን ኮፒ ይዘህ ሂድ። ኬላ ላይ «ይህ ምንድነው፣ ከየት መጣ» ቢሉህ መልሱ በእጅህ ይሁን። ዲክላራሲዮን ማቅረብ የማይችል ሻጭ ካለ ለምን እንደማይችል ጠይቅ። መድን የሚለውን ደግሞ እንዳታሳልፍ። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን አንተ ለጫንከው ማሽን አይደለም። ለጉዞ ዕቃ የሚሆን መድን መጠየቅ ይቻላል፤ ለአሮጌ ማሽን የሚቀበሉትን ዋጋ አስቀድመህ ተስማማ። የማሽኑን ዙሪያ በቪዲዮ ቀርጸህ ያዝ።

ብዙዎች የሚረሱት ኮምፒውተሩን ነው። ማሽኑ የሚታዘዘው በአርአይፒ ሶፍትዌር ነው፤ ምስሉን ማሽኑ ወደሚገባው ትዕዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የሚከፈትበት ፈቃድ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ዶንግል ካለው እሱ ከሌለ ማሽንህ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሻጩ ሲሠራበት የነበረውን ኮምፒውተር ከነሶፍትዌሩ ጨምሮ እንዲሰጥህ ተደራደር። ለየባነሩና ለየስቲከሩ ያስተካከላቸው የቀለም ፋይሎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ካልሰጠህ ፋይሎቹን በፍላሽ ቅዳ። ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ቅንብሮች አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ አንሳ።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ። ደረጃው መሃል ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ማሽኑ ርዝመቱን ይዞ መዞር አለበት፤ ማቆም ደግሞ ከልክለናል። ማሽኑን ከመጫንህ በፊት ከእንጨት ርዝመቱንና ወርዱን የሚያክል ፍሬም አሠራና ደረጃው ላይ ይዘህ ውጣ። ካለፈ ማሽኑም ያልፋል። ካላለፈ በኃይል አይሆንም። በመስኮት በክሬን ማስገባት ይቻላል፤ ግን ወጪው ከባድ ነው፣ ማሽኑ በተበላሸ ቁጥርም ማውጣት አትችልም። የእኔ ምክር ቁርጥ ነው፦ ምድር ላይ ያለ ክፍል ተከራይ። ወለሉ አይወዛወዝም፣ ጥቅል ባነር ተሸክመህ ደረጃ አትወጣም፣ የቀለሙን ሽታ የሚያስወጣ መስኮትና ፋን ማድረግም ይቀላል። ሽታው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው አንተ ነህ።

ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት መብራቱን አስተካክል። የመሬት ሽቦው የውሸት እንዳይሆን በኤሌክትሪሻን አስለካ። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ መሬት አለው ማለት አይደለም። መሬት የሌለው ማሽን ባነሩ ሲሮጥ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ የሚወርድበት ስለሚያጣ በሄዱ በኩል ይወርዳል። ስታብላይዘር ግዛ፤ መብራት ሲሄድ ሄዱ መሃል ላይ ተጋልጦ እንዳይቀር ማሽኑን ወደ ማረፊያው ለመመለስ የሚበቃ ዩፒኤስም ይኑርህ።

ሲደርስ አታብራው። ይደር። ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት አየር የገባ ብረት ላብ ያወጣል፤ ላቡ ቦርዱ ላይም ይወጣል። በማግስቱ ክዳኖቹ ተከፍተው ይታዩ። የሄዱ ፍላት ኬብልና መሰኪያው ደረቅ ናቸው? ቀለም የነካው ነገር አለ? ኬብሉ እርጥብ ከሆነ አውልቆ ማድረቅና ማጽዳት፣ ካልሆነም መቀየር እንጂ «ትንሽ ነው» ብሎ ማብራት የለም። ኬብሉ የሚነቀለውም የሚሰካውም ማሽኑ ከግድግዳው ተነቅሎ ነው። ማሰሪያው በሙሉ ወጥቷል? የሄድ ክፍሉን በእጅ ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ ግፉት፤ የሚይዘው ቦታ መኖር የለበትም። አንድ የተረሳ ስፖንጅ ሲበራ ሄድ ይሰብራል። ኢንኮደሯን በማይበጣጠስ ጨርቅ በአልኮል ነካ አድርጎ መጥረግ ይበቃል። እግሩ ከተገጠመ በኋላ በውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም አስተካክሉት።

ከዚያ ቀለም ሳይገባ ይበራ። መነሻውን ፈልጎ ሄዱን ወደ ማረፊያው በሰላም ከመለሰ፣ ያልተለመደ ድምፅ ከሌለ፣ ስህተት ካልጻፈ፣ ያኔ ቀለም ይሞላል። ሻጩ ሲጠቀምበት የነበረውን ዓይነት ቀለም ሙላ። የቀለም ዓይነት መቀየር ከፈለግህ ማሽኑ ከተረጋጋ በኋላ በሌላ ጊዜ ይሁን፤ ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርክ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አታውቅም። መፈተሻውን አትመህ ከአዲስ አበባው ወረቀት ጋር አስተያይ። ጥቂት መስመር ቢጎድል በተከታታይ አሥር ጊዜ አታስጥበው። አንድ ሁለቴ አጥበህ ለጥቂት ሰዓት ተወው፤ አየር ከሆነ ይወጣል። ካልተስተካከለ ዳምፐሩ ይቀየር። በመጨረሻ የሄዱ የመሄጃና የመመለሻ ጠብታ መገጣጠም፣ እንዲሁም ባነሩ የሚገፋበት ርቀት እንደገና ይለካ። ተፈትቶ የተገጠመ ማሽን በድሮው ልክ አያትምም።

ስለ ክፍያው ስምምነታችሁ ለሁለታችሁም አይሠራም። ሻጩ በመንገድ ላይ ለሚሆነው፣ አንተም ተሳስተህ ብታበራው ለሚደርሰው እሱ ተጠያቂ ሊሆን አይገባም። አንተም ያላየኸውን ማሽን ዋጋ ሙሉ መክፈል የለብህም። እንዲህ አድርጉ። ሙከራው አዲስ አበባ ላይ አንተ በመረጥከው ቴክኒሻን ፊት ይደረግ፤ ካለፈ አብዛኛው ክፍያ እዚያው ይፈጸም። ያው ቴክኒሻን ቀለሙን ያውጣ፣ ሄዱን ይሰር፣ ሲጫን ይቁም፣ ጅማ መጥቶ ይግጠም። የእሱ ክፍያ ግማሹ ጅማ ላይ መፈተሻው ሲታተም ይሰጠው። የመጓጓዣ፣ የአልጋና የቀን አበሉን አስላ፤ ቢበዛብህም ከአንድ ሄድ ዋጋ ያንሳል። የፈታው ሰው ሌላ፣ የገጠመው ሰው ሌላ ከሆነ ግን ችግር ሲመጣ ሁለቱም ጣታቸውን ሌላው ላይ ይቀስራሉ።

ሻጩ ቀለሙ እንዲወጣ ካልፈቀደ ወይም የተሞላ ቀለም አሳትመህ እንድትሞክር ካልፈለገ ቀብድህን ጠይቀህ ተመለስ። ቀብዱን ባይመልስልህ እንኳ ማሽኑን አትጫን።